ኑግ፣ ጎመንዘር ወይስ ቬርኖኒያ? ለጊንጪው መሬት የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ነው የምሠራው። አባቴ ጊንጪ አካባቢ ሁለት ሄክታር መረሬ መሬት አለው። እስካሁን ጤፍና ሽምብራ ነው የሚዘራው። ያጠራቀምኳትን ብር ሰው ብዙም በማያመርተው የቅባት እህል ላይ ላውላት አስቤያለሁ። አንድ ሰው ቬርኖኒያ የሚባል ዘር ሊሸጥልኝ፣ ምርቱን ደግሞ ራሱ መልሶ ሊገዛኝ ቃል ገብቷል። ሌላው ጃትሮፋ ይለኛል። ጎመንዘር ለአውሮፕላን ነዳጅ ይፈለጋል ሲሉም ሰምቻለሁ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የአቢሲኒያ ዘይት የሚባል ውድ የፀጉር ቅባት አይቻለሁ። የትኛው ያዋጣኛል? መጭመቂያ ማሽንስ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለቬርኖኒያው ሰውዬ አንድም ብር እንዳትልኪ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ ኑግ ነው። ከቤቱ አጠገብ ደግሞ ጥቂት ጎመንዘር። ማሽኑን ለጊዜው ተይው። አባትሽንም ጤፉን ሙሉ በሙሉ አታስጥያቸው።

አሁን ረጋ ብለን እንየው።

ስለ ቅባት እህል የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከተክሉ ስም ነው የሚጀምረው። እኔ መጀመሪያ የማየው ዘሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ነው። ዘይት ሁሉ ከቅባት አሲዶች የተሠራ ነው። የትኛው አሲድ እንደሚበዛበት ሲታወቅ ገዢው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የኑግ ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይኼ የሚበላ ነው፤ ገዢው እያንዳንዱ ኩሽና ነው። የጎመንዘር ዘይት 40 በመቶ ገደማው ኤሩሲክ አሲድ ነው። ይኼን አብዝቶ የሚፈልገው ፋብሪካ ነው። የጉሎ ዘይት ከ85 በመቶ በላይ ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው፤ መድኃኒት፣ የማሽን ቅባት፣ መዋቢያና ፕላስቲክ ይሠራበታል። የቬርኖኒያ ዘይት ደግሞ 75 በመቶ ገደማው ቬርኖሊክ አሲድ ነው። እሱን የሚፈልጉት የቀለምና የፕላስቲክ ሠሪዎች ናቸው።

ከጊንጪ ገበያ ሆነሽ የትኛውን ገዢ ማግኘት ትችያለሽ? ውሳኔሽ እዚህ ላይ ነው ያለው።

በቬርኖኒያ ልጀምር፤ ገንዘብሽ አደጋ ላይ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ። ተክሉ ውሸት አይደለም። እውነተኛና በጣም የሚገርም የአገራችን ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሮበርት ፐርዱ የሚባል የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ተመራማሪ ሐረር አጠገብ ዘሩን ሰበሰበ። ሲመረመር ከዘሩ 40 በመቶ የሚጠጋው ዘይት ሆኖ ተገኘ። ቬርኖሊክ አሲድ በተፈጥሮው ኢፖክሲ የሚባለውን ቅርጽ የያዘ ነው። የቀለምና የፕላስቲክ ፋብሪካዎች ለሥራቸው የሚፈልጉትን ይኼን ቅርጽ ለማግኘት ሌላ ዘይት ወስደው በኬሚካል ያቀነባብራሉ። የቬርኖኒያ ዘይት ቀጭንና ፈሳሽ ስለሆነ፣ ቀለም ውስጥ በሚተን መርዛማ ማሟሟያ ፈንታ ሊገባ ይችላል። ተመራማሪዎችን ለዓመታት ያጓጓቸው ይኼ ነው።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? አንደኛው ችግር ማሳው ላይ ነው። ራሶቹ እኩል አይበስሉም። አንዱ ገና አረንጓዴ ሳለ ሌላው ዘሩን አራግፎ ይጨርሳል። ሁለተኛው ፋብሪካው ዘንድ ነው። ኢፖክሲ የተደረገ የአኩሪ አተር ዘይት በዓለም ገበያ በብዛትና በርካሽ ይገኛል። ገዢው ያንን ትቶ ወደ ቬርኖኒያ እንዲዞር በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚቀርብ ብዙ ምርት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ በዚሁ ተክል ላይ ለመሥራት ከአገራችን የብዝሃ ሕይወት ተቋም ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራርሞ ነበር። ያኔ የታሰበው ኢንዱስትሪ እስከ ዛሬ አልተቋቋመም። ቬርኖኒያ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ ያለ ቦታ ይወዳል። የጊንጪ ብርድና ነሐሴ ላይ ውሃ የሚያቁረው መረሬ አይስማማውም።

ስለዚህ «ዘሩን ግዢኝ፣ ምርቱን እኔ እገዛሻለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ ምርቱን አንተ ለማን ትሸጣለህ? ስሙና አድራሻው የታወቀ ፋብሪካ፣ የተፈረመ ውል፣ ካለፈው ዓመት የተገዛ ምርት ደረሰኝ ያሳይሽ። እውነተኛ ገዢ ዘሩን በብድር ወይም በነፃ ሰጥቶ ከምርቱ ላይ ሲቀንስ ነው የሚታወቀው። ገቢው ሁሉ ከዘር ሽያጭ የሆነ ሰው የምርት ገዢ አይደለም። የስደት ገንዘብ በፀሐይና በእንቅልፍ እጦት የተገኘ ነው። በእንዲህ ዓይነት ወሬ ሲያልቅ ማየት ያመኛል።

ጃትሮፋም የቬርኖኒያ ቅርብ ዘመድ ነው፤ በተክልነት ሳይሆን በታሪኩ። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ ዓለም ሁሉ ስለ ጃትሮፋ አወራ። ድርቅ ይችላል፣ ጠፍ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ናፍጣ ይሆናል ተባለ። ቢፒ የተባለው ትልቁ የነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ዲዋን ኦይልስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ሽርክና ገባ። በ2009 ጥሎ ወጣ። እኛም አገር ያኔ ለባዮ ነዳጅ ተብሎ ብዙ መሬት ተሰጥቶ ነበር። ችግሩ ቀላል ነበር። በጠፍ መሬት ላይ የማይሞት ተክል በጠፍ መሬት ላይ ያፈራል ማለት አይደለም። ጃትሮፋ ጥሩ እንዲያፈራ ጥሩ አፈር፣ ውሃና ማዳበሪያ ይፈልጋል። ያንን ሁሉ ካገኘሽ ደግሞ የሚበላ እህል አትዘሪበትም? በዚያ ላይ ዘሩ መርዛማ ነው፤ ተረፈ ምርቱን ከብት አይበላውም። ውርጭም አይችልም። ቆላ ላይ አጥር ይሁን፤ ለጊንጪ ግን አይሆንም።

ጎመንዘር ላይ ስደርስ ልቤ ይሞቃል። የሰማሽው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሙሉ በሙሉ ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ አንድ ጄት አበረረ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ 10 በመቶ የጎመንዘር ነዳጅ ቀላቅሎ ነበር። ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካና በደቡብ አሜሪካ፣ በተለይ በኡራጓይ፣ ገበሬዎች በክረምታቸው መሬቱ ባዶ እንዳይቀመጥ ይዘሩታል። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ዘር ነው ይኼ!

ግን እስቲ አብረን እናስላ። አባትሽ ከአንድ ሄክታር 10 ኩንታል ጎመንዘር አገኙ እንበል። ከዚያ ውስጥ ዘይቱ 400 ኪሎ ገደማ ነው። ያ የኳንታስ ዓይነት አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ሲይዝ ወደ 100 ቶን ይጠጋል። አንዱን ጋን ለመሙላት ብቻ 250 ሄክታር ያስፈልጋል፤ በማጣራት የሚባክነውን ሳንቆጥር። የነዳጅ ገበያ በሺዎች ሄክታር፣ በኮምባይን፣ አጠገቡ ማጣሪያ ፋብሪካ ላለው የሚሆን ነው። ለሁለት ሄክታር አይደለም።

ስለዚህ ጎመንዘርን ለሌላ ጥቅሙ አስቢው። ገና ለጋ ሳለ እየሳሳ ቅጠሉ ይበላል፣ ይሸጣል። ያውም ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎተራ በሚጎድልበት ወቅት። የቀረው ቆሞ ዘር ይሰጣል። ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። እንጀራ የሚጋግር ቤት ሁሉ ይገዛዋል። ከቤቱ አጠገብ፣ ፍግ የሚደርሰው፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡለት፤ ጎመንዘር ውሃ የቋጠረ መረሬ አይወድም። ዘሩን ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎችን ጠይቀው ይውሰዱ። «ሆለታ 1» እና «የሎው ዶዶላ» የታወቁ ናቸው።

ለምግብ ዘይትነት ግን እንዳታስቢው። ኤሩሲክ አሲድ በብዛትና ለረጅም ጊዜ የተመገቡ የሙከራ እንስሳት ልባቸው ላይ ስብ ተከማችቶ ታይቷል። አውሮፓ ውስጥ ለምግብ የሚሸጥ የራፕሲድ (የጎመንዘር ዘመድ የሆነ ተክል) ዘይት ኤሩሲክ አሲዱ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። የእኛ ጎመንዘር 40 ነው። ምጣድ ላይ የምትቀባው ግን በጣም ትንሽ ናት፤ እሷ አታስፈራሽ።

ሱቅ ያየሽው የአቢሲኒያ ዘይት ከጎመንዘር ጋር አንድ ቤተሰብ ከሆነ ተክል ነው። ክራምቤ ይባላል። ኤሩሲክ አሲዱ ከጎመንዘርም ይበልጣል፤ ከ55 እስከ 60 በመቶ። ቆዳና ፀጉር ላይ ቀለል የሚለው ለዚያ ነው። ተክሉ በአገራችን ይብቀል እንጂ ለገበያ የለመደውና የተሻሻለው ውጭ ነው። የጠርሙሱ ዋጋ የሚወጣው ከማጣራቱና ከማሸጊያው ነው፤ ገበሬው የሚሸጠው ዘር ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ኑግ። ኑግን «ሰው ብዙም ከማያመርተው» ውስጥ ስቆጥረው አንባቢዎቼ ቅር ሊላቸው ይችላል። እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። በዓለም ግን በስፋት የሚያመርቱት ኢትዮጵያና ሕንድ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የሚያውቁት የወፍ ምግብ ሆኖ ነው። ከሱፍ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የትውልድ ቦታው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው፤ የዱር ዘመዱ ሜጭ ዛሬም በየማሳው ዳር ይበቅላል።

ለአባትሽ መሬት የመረጥኩበት ምክንያት አፈሩ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ሥር አየር ያጣል። ብዙው እህል እዚያ ላይ ቢጫ ይሆናል። ኑግ ግን ሥሩና ግንዱ ውስጥ አየር የሚያስተላልፍ ባዶ ቀዳዳ ያበጃል። በውሃ መካከል ቆሞ ይተነፍሳል። ማዳበሪያም ብዙ አይጠይቅም። ከኑግ ቀጥሎ የሚዘራ እህል እንደሚያምርበት ደግሞ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ መሬቱን ከጤፍ አትነጥቂውም፤ እያፈራረቁ መዝራት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ሄክታር ይበቃል። ውሃ የሚተኛበትን በኩል ይምረጡ።

የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ለአንድ ሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። «ፎገራ»፣ «እሠቴ»፣ «ኩዩ»፣ «ሻምቡ» የሚባሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ። ዘር ሲገዙ አንድ ነገር አጥብቀው ይመልከቱ፦ ንጽሕናውን። ሥር የሌላት፣ ቢጫ ክር የምትመስል ጥገኛ አረም አለች። ዘሯ ከኑግ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ከበቀለች በኋላ በግንዱ ላይ ተጠምጥማ ትመጠዋለች። አሜሪካ የሚገባውን ኑግ ሁሉ በሙቀት ካላመከንኩ አላስገባም የምትለው በእንዲህ ዓይነት አረም ዘር ምክንያት ነው። ማሳው ላይ ከታየች ከነኑጉ ነቅሎ ማቃጠል ነው፤ ሌላ መላ የላትም።

ሁለተኛው ጠላት የጎረቤት መርጫ ነው። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን ይገድላል። ኑግም ቅጠለ ሰፊ ነው። ነፋስ ይዞት ከመጣ ማሳው ሊጠወልግ ይችላል። አባትሽ ከድንበርተኞቻቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገርሽ። ኑግ በራሱ ብናኝ አያፈራም። አንዱ ተክል የሌላውን ብናኝ ማግኘት አለበት፤ የሚያመላልሰው ደግሞ ንብ ነው። ንብ በሌለበት ማሳ አበባው ያምራል፤ ራሱ ግን ገለባ ይሆናል። በባህላዊ አሠራር ከሄክታር ከ3 እስከ 5 ኩንታል የሚገኘው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማሽን ልትገዢበት ካሰብሽው ብር ላይ ትንሽ ቀንሰሽ ጥሩ ቀፎዎች ግዢላቸው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ኑጉና አደይ አበባው አብረው ያብባሉ። ንቡ ኑጉን ያዳቅላል፣ ኑጉ ንቡን ይመግባል፣ ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። የኑግ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ገዢ ደግሞ የረጋውን ስኳር ተቀላቅሎበት ነው ብሎ ይጠረጥራል። የኑግ ማር ተፈጥሮው እንደዚያ መሆኑን እየነገሩ ይሽጡ። አበባው ሳለ ማንም የነፍሳት መርዝ እንዳይረጭ።

አጨዳው ላይ አትዘግዩ። ራሱ ከቢጫ ወደ ቡኒ ሲሄድ ይታጨዳል። ሙሉ በሙሉ ደርቆ እስኪያልቅ ከተጠበቀ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል።

ስለ ማሽኑ። ሁለቱንም ሄክታር ኑግ ብታደርጉት እንኳ፣ ጥሩ በሚባል ዓመት 10 ኩንታል ገደማ ታገኛላችሁ። በሰዓት 50 ኪሎ የሚጨምቅ ትንሽ ማሽን ያንን በ20 ሰዓት ይጨርሰዋል። ከዚያስ? ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ማሽን የሚያዋጣው ከመንደሩ ሁሉ እህል ሰብስቦ ለሚጨምቅ ነው፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ለጊዜው ከተማ ካሉ ጨማቂዎች ዘንድ እየከፈሉ ያስጨምቁ። ከአንድ ኩንታል ኑግ በትንሽ ማሽን ከ25 እስከ 30 ሊትር ዘይት ይጠበቃል። ሲጨመቅ ግን አባትሽ ወይ ወንድምሽ እዚያው ይቁሙ። ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ እንደሚባለው፣ ንጹሑ ኑግ ከሰው እህል ጋር ከተደባለቀ ዋጋው ከሁሉም ጋር እኩል ነው። ገበያ ውስጥ በፓልም ዘይት የተበረዘ ኑግ ስለበዛ፣ «ዓይኔ እያየ የተጨመቀ» የሚል ዘይት ፈላጊው ብዙ ነው። በተለይ በዐቢይ ጾም።

አንድ ጊዜ ሁሉንም አታስጨምቁ። ሊኖሌይክ አሲድ ለጤና የተመሰገነውን ያህል ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላሻል፤ የዘይቱ ሽታና ጣዕም ይለወጣል። ዘሩ ግን በደረቅ ቦታ ደህና ይቆያል። ስለዚህ ደንበኛ በጠየቀ ልክ እያወጡ ማስጨመቅ ነው። ዘይቱን ጥላ ውስጥ፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ያስቀምጡት። ደጋግሞ ለመጥበሻ የሚሆን ዘይትም አይደለም፤ ለወጥና ለሰላጣ ነው።

ፋጉሎውን፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ማለቴ ነው፣ አትርሺ። ከዘሩ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። ከጊንጪ እስከ ሆለታ ያለው መንገድ የወተት ላም አርቢ የሞላበት ነው። ገዢ አይጠፋም። ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ወተቱ ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቶ፣ መኖው ሲመረመር ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ሕፃናት የሚጠጡት ወተት ስለሆነ ይኼን እንደ ቀላል አትዩት። ፋጉሎው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ይድረቅ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ሳይቆይ ይሸጥ። ሽታው የተለወጠውን ለላምም ለበሬም እንዳይሰጡ፤ ይጣል።

ለማሳው ጠርዝ ደግሞ ሱፍ አስቢ። እሾኻማው፣ ለጾም ፍትፍት የሚሆነው ሱፍ ማለቴ ነው፤ ትልቁ የፈረንጅ ሱፍ አበባ አይደለም። ሥሩ ጠልቆ መረሬው የያዘውን እርጥበት ይመጥጣል። እሾኹ ከብት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። አዲስ አበባ ላይ ጾም ሲገባ ዋጋው ይወጣል። ዘይቱን ለማውጣት አትድከሙ። ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ በዘሩ መሸጡ ይሻላል።

አሁን ለአባትሽ ደውዪና ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ነሐሴ ላይ ውሃ የሚተኛው በየትኛው በኩል ነው? ድንበርተኞቹ ቱፎርዲ የሚረጩት መቼ ነው? ቀፎ የሚያውቅ ሰው በቀበሌው አለ ወይ? መልሳቸውን ላኪልኝ። የግማሽ ሄክታሩን የዘር መጠንና የቀፎ ብዛት አብረን እናሰላለን።